ሲአርፒ 9፣ አልቡሚን 3.4፦ ከጡት ካንሰር ሕክምና በኋላ የደም ፕሮቲን ምን ይናገራል?

በኢንተርኔት መድረክ ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈተችው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትጽፍ እህት ናት። አዲስ አበባ የሚኖሩት እናቷ ከሁለት ዓመት በፊት የግራ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ ኬሞቴራፒውን ጨርሰው፣ አሁን ታሞክሲፌን የተባለውን ክኒን በየቀኑ ይወስዳሉ። ወንድሟ የሰሞኑን የደም ምርመራ ወረቀት ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ልኮላታል። ሁለት ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ተከበዋል፦ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ፕሮቲን የሆነው ሲአርፒ 9፣ ዋነኛው የደም ፕሮቲን አልቡሚን 3.4። እርሷም ስታነብ አምሽታ፣ የብግነት ፕሮቲን በደማቸው ከፍ ብሎ የተገኘ የጡት ካንሰር ታካሚዎች የመሞት ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ነው የሚል ጽሑፍ ላይ ደረሰች። ጥያቄዋ አንድ ነበር፦ እናቷ ስንት ዓመት ይቀራቸዋል?

ምላሾቹ አርባን አልፈው እርስ በርስ ስለተጠላለፉ፣ ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ በየተራቸው ልተርካቸው። ቁም ነገር ያለው ላይ እቆያለሁ፤ የቀረውን በአጭሩ አልፋለሁ። አስተያየቴንም ጣል ማድረጌ አይቀርም።

1ኛውና 2ኛው ምላሽ ይማራቸው ከማለት ያለፈ ነገር አልያዙም፤ ለጠያቂዋ ግን በዚያ ሰዓት ሳያስፈልጓት አልቀሩም። ወደ ጉዳዩ የገባው 3ኛው ነው። ጸሐፊው የላቦራቶሪ ባለሙያ ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት የጠየቀው መለኪያውን ነበር። ሲአርፒ አንዳንድ ቤተ ሙከራ በሚሊግራም በሊትር፣ ሌላው ደግሞ በሚሊግራም በዴሲሊትር ስለሚጽፈው ልዩነቱ አሥር እጥፍ ነው። 9 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከሆነ በሊትር 90 ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን እንዳለ የሚያስጠረጥር ቁጥር ነው። አልቡሚኑም እንዲሁ በዴሲሊትር 3.4 ግራም ከሆነ በሊትር 34 ግራም ነው፤ የተለመደው ዝቅተኛ ወሰን 3.5 ስለሆነ የጎደለው በጣም ጥቂት ነው። ጠያቂዋ በ4ኛው ምላሽ ተመልሳ ወረቀቱን አጉልታ እንዳየችውና ሲአርፒው በሊትር መሆኑን አረጋገጠች። ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ አንድ ቁጥር መነጋገር ቻለ፤ ወይም የቻለ መሰለ።

5ኛው ምላሽ ከስዊድን የሚጽፍ የሕዝብ ጤና ባለሙያ ነው፤ ረጅም ነው፤ ግን ከክሩ ሁሉ የሚነበበው እርሱ ነው። መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። ሲአርፒ እ.ኤ.አ. በ1930 በኒው ዮርኩ ሮክፌለር ተቋም በሳንባ ምች ታማሚዎች ደም ውስጥ የተገኘ ፕሮቲን ነው። የሚያመርተው ጉበት ነው፤ ትእዛዙ የሚመጣው ከብግነት ነው፤ ብግነቱ ከቁስል፣ ከጉንፋን፣ ከድድ፣ ከመገጣጠሚያ ወይም ከውፍረት ሊነሣ ይችላል። ካንሰር ከምንጮቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። ከዚያ ጠያቂዋ ያነበበችውን ጥናት ለየው። ሂል የተባለው የአሜሪካ ጥናት ሲሆን፣ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ሕክምናቸውን ጨርሰው በሽታው ያልታየባቸውን 734 ሴቶች ይዞ፣ ካንሰሩ ከታወቀ 31 ወር ገደማ በኋላ ደማቸውን ለክቶ፣ ወደ 7 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትሏቸዋል። ሴቶቹን በፕሮቲናቸው መጠን ሦስት ቦታ ከፍሎ፣ ከፍተኛውን ሲሶ ከዝቅተኛው ሲያነጻጽር የሞት ዕድሉ በርግጥም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሦስት እጥፍ የሚለው ግን ሴረም አሚሎይድ ኤ ስለሚባል ሌላ ፕሮቲን ነው፤ እርሱ 3.15 ነበር። ሲአርፒ 2.27 ነው። የእናቲቱ ወረቀት ላይ አሚሎይዱ ፈጽሞ አልተለካም።

ይህን ሲያርም ግን አላባበላትም። 9 በየትኛውም ክፍፍል ከፍተኛው ሲሶ ውስጥ እንደሚገባ በግልጽ ጻፈ። በጥናቱ ውስጥ የተቆጠረው ሞት በማንኛውም ምክንያት የመጣ መሆኑን፣ የልብ ሕመምም እንዳለበት፣ ካንሰሩ ተመልሶ መምጣቱ ብቻ ሲታይ የሲአርፒ ምልክት እንደሚደክም ጨመረበት።

6ኛው ምላሽ በዚህ ተቆጣ። ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ነገርን ማለሳለስ ሰውን ማታለል ነው የሚል ነበር አቋሙ። 7ኛው፣ የሒሳብ መምህር መሆኑን የገለጸ አባል፣ በትዕግሥት መለሰለት። እጥፍ ማለት የምን እጥፍ እንደሆነ ካልታወቀ ባዶ ነው። ለምሳሌ ያህል ዝቅተኛ ፕሮቲን ካላቸው 100 ሴቶች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ 4 ቢሞቱ፣ ሁለት እጥፍ ተኩል ቢሆን እንኳ ከሌላው ወገን የሚሞቱት 10 ናቸው፤ 90ዎቹ በሕይወት አሉ። እናቲቱ ከ10ሩ ወገን ይሁኑ ከ90ው፣ ሲአርፒው ሊለይ አይችልም። ይህ ምሳሌ መሆኑን ደጋግሞ ቢያስጠነቅቅም፣ ከታች ሁለት ሰዎች 10 በመቶ ብለው እንደ እውነተኛ ውጤት ሲጠቅሱት አየሁ። ቁጥር አንዴ ከተጻፈ ባለቤቱን አይሰማም።

8ኛው የዴንማርክን ጥናት አመጣ። በኮፐንሃገን አካባቢ 2,910 ሴቶች ካንሰሩ በታወቀ ጊዜ፣ ሕክምና ሳይጀመር፣ ሲአርፒያቸው ተለክቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ውጤት ከአሜሪካው ጋር ይስማማል፤ ከፍተኛው ሲሶ ከዝቅተኛው ጋር ሲነጻጸር የሞት ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ይሁን እንጂ እነዚሁ የኮፐንሃገን ሰዎች በዘራቸው ምክንያት ሲአርፒያቸው ከፍ የሚል ሰዎችን አጥንተው፣ ካንሰር በነርሱ ላይ በዝቶ እንዳላገኙት አያይዞ ጠቀሰ። ስለዚህ ፕሮቲኑ ጭሱ እንጂ እሳቱ አይደለም፤ ጭሱን ማራገብ እሳቱን አያጠፋም ብሎ ደመደመ።

9ኛዋ ጸሐፊ ይህን ያነበበች አትመስልም፤ ሲአርፒን የሚያወርዱ ነገሮችን ዝርዝር ይዛ መጣች፦ እርድ፣ ዝንጅብል፣ አስፕሪን። 10ኛው ምላሽ ለርሷ የተሰጠ ነው፤ በኔ ግምት ከጠቅላላው ክር ብዙ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ እዚህ ውስጥ አለ። ኢንሱሊንም የደም ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ካናዳ ውስጥ 512 የጡት ካንሰር ታካሚዎች ተጠንተው፣ ባዶ ሆዳቸውን ኢንሱሊናቸው ከፍ ያለ ሴቶች ካንሰሩ ቶሎ እንደሚመለስባቸውና እንደሚሞቱ ታየ። ነገሩ አሳማኝ ነበርና ኢንሱሊንን የሚያወርደው የስኳር መድኃኒት፣ ሜትፎርሚን፣ ተፈተነ። 3,649 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ መድኃኒቱን፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያ ክኒን ለ5 ዓመት እንዲወስዱ ተደረገ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም ካንሰሩ እንዳይመለስ በማድረግ በኩል በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። ቁጥሩን ማውረድና ሰውየውን ማዳን ሁለት ነገር ናቸው የሚለውን ጸሐፊው በዚህ አስረዳ። 9ኛዋም በመልካም ፈቃድ ምስጋናዋን ጽፋ ወጣች፤ በእንዲህ ያለ መድረክ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነገር ነው።

11ኛው በጣም ጥንቁቅ ሰው ነው። የግላስጎው መመዘኛ የሚባል፣ ሲአርፒንና አልቡሚንን አንድ ላይ የሚቆጥር ነጥብ እንዳለ አሳወቀ። ሲአርፒ ከ10 በላይ ሲሆን አንድ፣ አልቡሚን ከ35 በታች ሲሆን አንድ ነጥብ ይሰጣል። በጥንቱ አቆጣጠር እናቲቱ 1 ያገኛሉ። በተሻሻለው አቆጣጠር ግን ሲአርፒ ካላለፈ አልቡሚን ብቻውን ስለማይቆጠር 0 ናቸው። አንዲት ሴት፣ አንድ ደም፣ ሁለት ውጤት። መመዘኛውም በዋናነት ሲሠራበት የቆየው ካንሰራቸው በገፋ ሕሙማን ላይ መሆኑን ጸሐፊው አልዘነጋም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ማጀት ገባ። 12ኛዋ አልቡሚን ዝቅ ካለ ሥጋና እንቁላል ይብሉ አለች። 13ኛው ወቅቱ ዐቢይ ጾም መሆኑን አስታውሶ፣ ሴትየዋ ይጾሙ እንደሆነ ጠየቀ። ጠያቂዋ በ14ኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾሙ ስትገልጽ ነገር ተነሣ። 15ኛው ቤተ ክርስቲያንን ጨምሮ ሁሉንም በአንድነት ወቀሰ፤ ከእርስዎ ወደ አንተ የወረደው የክሩ ቋንቋም ከዚህ ይጀምራል። 16ኛው፣ ዲያቆን መሆኑን የገለጸ፣ ሕመምተኛ የንስሐ አባቱን አማክሮ እንደሚፈታለትና ይህ አዲስ ነገር እንዳልሆነ በአክብሮት አስረዳ። 17ኛውን አወያዩ አጥፍቶታል፤ ምን እንደነበረ መገመት አያስቸግርም።

ጉዳዩን ወደ ቦታው የመለሰችው 18ኛዋ ናት፤ ሪያድ በነርስነት የምትሠራ እህት። አልቡሚን በደም ውስጥ ግማሹ ለመተካት 20 ቀን ገደማ ስለሚፈጅ የትናንት እንቁላል ዛሬ አይታይበትም። ከዚህም በላይ ብግነት ሲኖር ጉበት ሥራውን ወደ ሲአርፒ ስለሚያዞር አልቡሚን ይቀንሳል፤ ስለዚህ 9ኙና 3.4ቱ ሁለት የተለያዩ መጥፎ ዜናዎች ሳይሆኑ አንዱ የሌላው ጥላ ሊሆኑ ይችላሉ። እናቲቱ ክብደታቸው እየቀነሰ ከሆነ ያ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ሽሮውና ምስሩ የሚናቅ ፕሮቲን እንዳልሆነም አልሸሸገችም።

ከ19 እስከ 22 ያሉት ምላሾች ከመንገድ ወጥተዋል፤ ግን ባይወጡ ኖሮ ይቆጨኝ ነበር። አንዱ እኅቱ ነጭ የደም ሕዋሷ አነስተኛ ነው እየተባለ ኬሞቴራፒዋ በተደጋጋሚ መዘግየቱን አነሣ። ከኔታንያ፣ እስራኤል የጻፈ አባል ይህ በቤተ እስራኤል ዘንድ የታወቀ ነገር መሆኑን ነገረው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያንና አፍሪካውያን ደፊ የሚባለው ምልክት በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ ስለሌለ፣ ጤነኛ ሆነው ሳለ ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥራቸው አውሮፓውያን ከሚለኩበት ወሰን ዝቅ ይላል። ሐኪሙ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ቁጥር ቢያይ ጥሩ ነው ተብሎ ተመከረ። የሌላ ሕዝብ ወሰን በራስ ወረቀት ላይ ታትሞ ሲመጣ ማን ያስተውለዋል?

23ኛው ወደ ጡት ካንሰር መለሰን፤ ሲአርፒውን ትቶ ሲኤ 15-3 የሚባለውን የዕጢ ምልክት ያስለኩ አለ። 24ኛው፣ ያው የስዊድኑ ሰው፣ ተቃወመ። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ለመዳን ታክማ ምልክት የሌላት ሴት በየጊዜው እንዲህ ያለ የደም ምርመራ እንዳታደርግ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በግልጽ መክሯል። የጣሊያኑንም ጥናት ጠቀሰ፦ 1,320 ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ደም፣ የአጥንትና የጉበት ምርመራ፣ የደረት ራጅ በየጊዜው ሲደረግለት ሌላው የሐኪም ክትትልና ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ብቻ ተደረገለት። ከ6 ዓመት ገደማ በኋላ ከብዙ ምርመራው ወገን 20 በመቶ፣ ከሌላው 18 በመቶ ሞተዋል። ልዩነት የለም። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ስለሆነ መድኃኒቱ ከዚያ ወዲህ መለወጡን 25ኛው አስታወሰው፤ ትክክል ነው፣ ምክሩ ግን እስካሁን አልተለወጠም።

26ኛዋ ሁለቱንም ገሠጸች። እርሷ ካንሰሩ አጥንቷ ላይ ደርሶ ለዓመታት አብሮ የሚኖር ሴት ናት። ለርሷ ሲኤ 15-3 ከምስል ምርመራ ጋር ሆኖ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ለሐኪሟ ያሳያል፤ ስለዚህ ከንቱ ነው ብሎ መጻፍ ለነርሷ ዓይነት ሰዎች ስድብ ነው። አዲስ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ለጊዜው ሽቅብ ሊወጣ እንደሚችል፣ ያን ጊዜ ደንግጦ መድኃኒት ማቋረጥ እንደማይገባም ጻፈች። የስዊድኑ ሰው በ27ኛው አከበራት፤ እርሱ ስለ አንደኛዋ ሴት፣ እርሷ ስለ ሌላዋ እንደሚናገሩ ተስማሙ።

28ኛው ጥቁር አዝሙድና ሽፈራው ጠጥተው ክኒኑን ይተዉ አለ። 29ኛዋ የሪያዷ ነርስ ናት፤ ያን ሁሉ ትሕትና ወዲያ ጥላ፣ እንዲህ ያለ ምክር የተሰጣቸው ታካሚዎች ቁስላቸው ገንፍሎ ወደ እርሷ ክፍል ሲመጡ መካሪያቸው አብሯቸው እንደማይመጣ ነገረችው። አስታራቂ መጣ፣ 30ኛው፤ ማንም አልሰማውም።

31ኛው ምላሽ ሁለት መስመር ነው፤ የጻፉት ባለቤታቸውን በዚሁ በሽታ ያጡ አዛውንት ናቸው። እናቲቱ ራሳቸው ይህን ወረቀት አይተውታል ወይ ብለው ብቻ ጠየቁ። ጠያቂዋ በ32ኛው ዘግይታ መለሰች። እናቷ የተነገራቸው እብጠት ወጣልዎ ተብሎ ነው፤ የበሽታውን ስም ቤተሰቡ አልነገራቸውም፤ የምርመራ ወረቀቶቹን የሚይዘው ወንድሟ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ትርምስ እዚህ አልዘረዝርም። ከ33 እስከ 36 ግማሹ ቤተሰቡን ደግፎ፣ በአገራችን ሕመምተኛን ተስፋ ማስቆረጥ ነውር ነው አለ። ግማሹ ጡቷ የተቆረጠ፣ ፀጉሯ የረገፈ ሴት ምን እንደያዛት አታውቅም ብሎ ማመን እናትን መናቅ ነው ሲል ሞገተ። እኔ ከሁለተኛዎቹ ጋር ነኝ። ሜሪላንድ፣ ስዊድን፣ ሪያድና ኔታንያ የተቀመጥን የማንተዋወቅ ሰዎች የአንዲትን ሴት ደም ስንተነትን ከርመን፣ የደሙ ባለቤት ሳታውቅ መቅረቷ አልዋጥልህ አለኝ።

37ኛው ላይ የላቦራቶሪው ባለሙያ ተመለሰ፤ እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀ። ደሙ በተቀዳበት ሳምንት እናቲቱ ምን ሆነው ነበር? ሲአርፒ በሽታ በተነሣ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ መንሥኤው ሲያበቃ በ19 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይወርዳል። ጠያቂዋ ወንድሟን ጠይቃ በ38ኛው እንደመለሰችው፣ ሳል ይዟቸው ገና መዳናቸው ነበር፤ ጉልበታቸውንም ከዱሮ ጀምሮ ያማቸዋል፤ ክብደታቸውም ከታሞክሲፌን ወዲህ ጨምሯል። ባለሙያው ታሞክሲፌን ራሱ ሲአርፒን ዝቅ እንደሚያደርግ አክሎ፣ ከእነዚህ ሁሉ መካከል የትኛው ስንቱን እንዳዋጣ ከአንድ ናሙና ማንም ሊለይ እንደማይችል ጻፈ።

39ኛው የጠያቂዋ ነው። ወንድሟ እናቱን ወደ ካንሰር ሐኪማቸው ወስዷል። ሐኪሙ ስለ አጥንት ሕመም፣ ስለ ትንፋሽና ስለ ምግብ ፍላጎት ጠየቃቸው፤ ጠባሳውን፣ ብብታቸውንና ጉበታቸውን መረመራቸው፤ የቀኝ ጡታቸውን ማሞግራፊ አዘዘ። ሲኤ 15-3 አላዘዘም። ሲአርፒውን ሳሉ በደንብ ከለቀቃቸው በኋላ ይደገም አለ፤ ያም ለካንሰሩ ሳይሆን ለሳሉ ነው። እናቲቱ ደግሞ ልጃቸው ሳይጠብቀው አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ ይህን የካንሰር ክኒን የሚወስዱት 5 ዓመት ነው ወይስ 10? ጎረቤታቸው 10 እንደተባለች ሰምተዋል።

40ኛው ስለዚህ ጥያቄ ነው። አትላስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳየው ታሞክሲፌንን እስከ 10 ዓመት መቀጠል በ5 ዓመት ከማቆም ይልቅ የካንሰሩን መመለስና በካንሰሩ መሞትን ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የማሕፀን ካንሰርን ዕድል በጥቂቱ ይጨምራል። የትኛው እንደሚሻል ግን ከደም ወረቀቱ አይገኝም። 41ኛው፣ የስዊድኑ ሰው፣ ለመጀመሪያው ጥያቄ ከሁሉ የቀረበውን መልስ እዚህ ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ 62,923 ሴቶችን የያዘ ጥናት ሆርሞን ተቀባይ ፕሮቲን ያለበት የጡት ካንሰር 5 ዓመት ክኒን ከተወሰደበት በኋላም እስከ 20ኛው ዓመት ድረስ ቀስ እያለ ሊመለስ እንደሚችል አሳይቷል። በሩቅ አካል ላይ የመመለስ ዕድሉ፣ ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ብብት ያልደረሰ ከሆነ 13 በመቶ፤ ዕጢው ከዚያ ተልቆ ከ4 እስከ 9 የብብት ሊምፍ እጢዎችን (ንፍፊቶችን) ከነካ 41 በመቶ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሲአርፒ ጋር የሚገናኝ አይደለም። የሚፈለገው ፕሮቲን በደም ውስጥ ሳይሆን በተቆረጠው ዕጢ ላይ የተመረመረው ነው፤ የሆርሞን ተቀባዩ ኢስትሮጅን ተቀባይና የዕጢ ሕዋስ እንዲያድግ የሚያዘው ኸርቱ። እነርሱና የዕጢው መጠን የተጻፉት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በወጣው የፓቶሎጂ ወረቀት ላይ ነው።

42ኛው ጠያቂዋ ናት። ወንድሟ ያን ወረቀት ማንም ፎቶ እንዳላነሣው ነግሯታል፤ እናትየው ግን ከቁም ሣጥናቸው አውጥተው ሰጡት። 43ኛው ላይ ተለጥፏል፦ ዕጢው 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከተመረመሩት የብብት እጢዎች የተነካው 1፣ ኢስትሮጅን ተቀባይ አለበት፣ ኸርቱ የለበትም። የስዊድኑ ሰው በ44ኛው ጥናቱ ውስጥ ከእንዲህ ያለው ዕጢ ጋር የሚሄደው ቁጥር 26 በመቶ መሆኑን፣ እርሱም ከ5ኛው እስከ 20ኛው ዓመት ያለውን የሚመለከት እንደሆነ፣ ሴቶቹ የታከሙትም ከዛሬ ብዙ ዓመታት በፊት መሆኑን ጽፎ፣ ስለ 10 ዓመቱ ክኒን ከሐኪማቸው ጋር እንዲነጋገሩ መከረ። 45ኛዋ ታሞክሲፌን አዲስ አበባ ውስጥ ሲጠፋ ከወዴት እንደሚገኝ ጠየቀች፤ አወያዩም ለዚያ ሌላ ክር ከፈተ።